የሳህኑ አጥር ከቧንቧው ጫፍ 5 ሚሊሜትር ቀድሟል፦ የዚህ ረጅም ጠመንጃ መጫሪያ ተነካክቷል?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ነው፤ ክሩን የከፈተው ሰው የያዘው የፔንሲልቬንያ ረጅም ጠመንጃ ነው። አሠራሩ የላንካስተር አካባቢ፣ ዕድሜው እ.ኤ.አ. ከ1800 ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ ይመስላል። ቧንቧው ስምንት ጎን አለው፤ ርዝመቱ 108 ሴንቲሜትር፣ የውስጡ ስፋት 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኋላው ላይ 27 ሚሊሜትር ይወፍርና ወደ ፊት እየቀጠነ ሄዶ አፈሙዙ ጋ መልሶ ጥቂት ይሰፋል። እንጨቱ ሞገድ ያለው ሜፕል ነው። መጫሪያው ላይ ኬትላንድ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ወደ አሜሪካ በብዛት ከተላኩት መጫሪያዎች አንዱ ነው ማለት ነው።

ጥያቄው እንዲገባን የሚያስፈልጉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። መጫሪያው ባልጩት የነከሰው መዶሻ፣ ባልጩቱ ሲመታው ብልጭታ የሚሰጥ ክዳን ብረት፣ ከክዳኑ ሥር ማቀጣጠያ ባሩድ የሚፈስበት ትንሽ ሳህን፣ ከሳህኑ ኋላ ደግሞ እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይወረወር የሚከልል አጥር አለው። ቧንቧው ኋላው ላይ ጥርስ ወጥቶለት በመድፈኛ ብሎን ተዘግቷል፤ የመድፈኛው ጭራ ወደ ሰደፉ አንገት ተዘርግቶ በብሎን ይታሰራል። ከሳህኑ ወደ ውስጥ እሳት የምታስገባው ቀጭን ቀዳዳ በቧንቧው ቀኝ ጎን ላይ ናት። የአጥሩ ጀርባ ከቧንቧው ኋላ ጫፍ ጋር አንድ መስመር ላይ መዋል አለበት ሲባል ጠያቂው ሰምቷል። በእሱ ጠመንጃ ላይ ግን አጥሩ 5 ሚሊሜትር ወደ አፈሙዙ ቀድሟል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠረጠረ። መጫሪያው ከሌላ ጠመንጃ መጥቶ ይሆናል፤ ወይም ቧንቧው ኋላው ተቆርጦ ወደ ኋላ ተስቧል፤ ወይም ጠመንጃው በአንድ ወቅት ወደ ካፕሱል፣ ማለትም በመዶሻ ሲመታ ወደሚቀጣጠል ትንሽ ቆብ፣ ተቀይሮ በቅርብ ጊዜ ወደ ባልጩት ተመልሷል። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን የቅርሱን ዋጋና መግለጫውን ይለውጣል።

1ኛው መላሽ በትህትና ጀምሮ የሰማው ደንብ ትክክል መሆኑን አረጋገጠለት፤ ምክንያቱንም ጨመረ። አጥሩ ከቧንቧው ጫፍ ጋር ሲገጥም መጫሪያው ያምራል፣ የእንጨቱም መስመር ከመድፈኛው ትከሻ ሳይሰበር ወደ አንገቱ ይወርዳል። አጥሩ ወደ ኋላ ካለፈ ከቧንቧው በስተኋላ ያለው እንጨት ለእሳት ይጋለጣል፤ ከጊዜ በኋላም ይከስላል። ወደ ፊት ስለ መቅደሙ ግን የተናገረው ነገር ያልተለመደ ነው ከማለት አላለፈም።

2ኛው እርማት ይዞ ገባ። ደንቡ ዛሬ በአሮጌው መልክ አዲስ ጠመንጃ የሚሠሩ ሰዎች ደንብ ነው፤ እነሱ መድፈኛውንም መጫሪያውንም በሚፈልጉት ልክ ገዝተው ያስማማሉ ይላል። የ1800ው አንጥረኛ መጫሪያውን ከነጋዴ ገዝቶ መድፈኛውን ራሱ ቀጥቅጦ ነው የሚያገጣጥመው። የሚያስጨንቀው የእሳት ቀዳዳው ነው፤ ቀዳዳው ከመድፈኛው ፊት መክፈት አለበት፣ ሳህኑም ቀዳዳው ጋ መድረስ አለበት። አጥሩ የትም ቢያርፍ የዚያ ውጤት ነው። ይህ መልስ ክሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ አዞረው። ከዚያ በኋላ የመጡት ቁም ነገሮች ሁሉ ከዚህ የተነሱ ናቸው።

3ኛው ጠያቂውን ልኬት አምጣ አለው፤ አለካኩንም ደረጃ በደረጃ ጻፈለት። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጎርሶ እንዳልተቀመጠ ይረጋገጥ። ከመቶ ዓመት በላይ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ አፈሙዝ ጎራሾች ባሩድና እርሳስ በሆዳቸው ይዘው ይገኛሉ፤ ጥቁር ባሩድም ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ በዕድሜ ብዛት አይሞትም። ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስኪቆም ድረስ ይገባል፤ አፈሙዙ ጋ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ዘንጉ ወጥቶ ከቧንቧው ውጭ ጎን ለጎን ሲያዝ ጫፉ ከእሳት ቀዳዳው ጥቂት ወደ ኋላ መድረስ አለበት። 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ ጎርሷል ብሎ ማሰብ ነው። ያን ጊዜ ልኬቱ ይቆማል፤ ብረት ዘንግ መውቀጥም ፑንታ ማስገባትም የለም፣ ጠመንጃው ወደሚያውቅ አንጥረኛ ይሄዳል። ባዶ ከሆነ ግን የዘንጉ ጥልቀት ከቧንቧው ጠቅላላ ርዝመት ሲቀነስ የመድፈኛው ርዝመት ይወጣል። ዘንጉ ጫፉ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ውፍረቱም ከ10 ሚሊሜትር አይነስ ብሎ አስጠነቀቀ፤ ሾጣጣ ወይም ቀጭን ዘንግ በመድፈኛው ፊት ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ልኬቱን ያሳስታል።

4ኛው ምላሽ የጠያቂው ነው። ጠመንጃው ባዶ ነው። ዘንጉ 1064 ሚሊሜትር ገብቷል፤ ቧንቧው 1080 ነውና መድፈኛው 16 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የእሳት ቀዳዳው መሃል ከቧንቧው ኋላ ጫፍ 17 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ነው፤ ስፋቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከአጥሩ ጀርባ እስከ ሳህኑ መሃል ደግሞ 12 ሚሊሜትር ተኩል።

5ኛው እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ያደረገው ስሌት፣ በእኔ ግምት፣ የክሩ ምርጥ ቦታ ነው። አጥሩ እንደ ደንቡ ከቧንቧው ጫፍ ጋር ቢገጥም ኖሮ የሳህኑ መሃል 12 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ይውል ነበር። እዚያ ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ባሩድ አያገኝም፤ የሚያገኘው የመድፈኛውን ጥርስ ነው። አንጥረኛው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው የመድፈኛውን ፊት በሞረድ ቦርቡሮ ከቀዳዳው ወደ ባሩዱ የሚወስድ ቦይ ማውጣት ነው። ሁለተኛው መጫሪያውን 5 ሚሊሜትር ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ የሳህኑ መሃል 17 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ይወድቃል፣ የ2 ሚሊሜትር ቀዳዳ የኋላ ጠርዝም 16 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ሆኖ ከመድፈኛው ፊት ግማሽ ሚሊሜትር ይርቃል። ይህ ጠመንጃ ላይ ያለው በትክክል ሁለተኛው ነው። ስለዚህ አጥሩ መቅደሙ የመነካካት ምልክት መሆኑ ይቀርና ቧንቧ፣ መድፈኛና መጫሪያ ተያይተው መሠራታቸውን የሚደግፍ ማስረጃ ይሆናል።

ይኸው መላሽ የተቦረቦረ መድፈኛ ለምን እንደማይመረጥም አስረዳ። በአሮጌ ጠመንጃዎች ላይ ይገኛል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ቦይዋ ውስጥ የባሩድ አመድ ይከማቻል፣ የመጥረጊያ ጨርቅ እዚያ አይደርስም። እርጥብ አመድ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የነደደ ጨርቅ ፍም እዚያ ተሸጉጦ ቀጣዩን ባሩድ ገና ሲፈስ ሊያቀጣጥለው መቻሉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎና በወንድሜ ነበር። 6ኛው ሲገባ ቃናው ተቀየረ። የ5ኛው ስሌት ውበቱ አያታልላችሁ፣ የሚያረጋግጠው ቀዳዳው ከመድፈኛው መግጠሙን ብቻ ነው ይላል። ትናንት ቧንቧ ቆርጦ አዲስ መድፈኛ የከተተ ሰውም 16 ሚሊሜትር አድርጎ አዲስ ቀዳዳ በዚያው ቦታ መብሳት ይችላል። መድፈኛው ይፈታና ጥርሱ ይታይ፤ የድሮ ጥርስ ሻካራና ወጣ ገባ ነው፣ የዛሬ ጥርስ ስልና እኩል ነው። ፈትቶ ሳያይ የሚፈርድ ሰው ገዢን ያሳስታል ብሎ ደመደመ። መቃወሚያው እውነት አለው፤ ስሌት ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። መፍትሔው ግን አደገኛ ነው።

7ኛው በዚህ ተቆጣ፤ አነጋገሩም ከእርስዎ ወደ አንተ ወረደ። ለሁለት መቶ ዓመት በዝገት የተጣበቀ መድፈኛ በሞርሳ ታስሮ በመፍቻ ሲጠመዘዝ የሚሆነውን ዘረዘረለት። ጭራው ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ከመድፈኛው አንገት ላይ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የቧንቧው ጠርዞች በሞርሳው ከንፈር ይጨፈለቃሉ፤ የስምንት ጎን ቧንቧ ጠርዝ አንዴ ከተጨፈለቀ በሞረድ ካልተበላ አይስተካከልም። ቢፈታም እንኳ ሲመለስ የመጀመሪያው መስመር ላይ አይቆምም፤ ትንሽ ያልፋል ወይም ትንሽ ይቀራል፣ ጭራውም ከእንጨቱ ጉድጓድ ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ መፍታት የማያስፈልገው ማስረጃ አለ። ብዙ አንጥረኞች መድፈኛውን አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ በቧንቧው ታችኛ ጎን ላይ ቧንቧውንና መድፈኛውን አንድ ላይ የሚያቋርጥ ጭረት በመሮ ይመቱ ነበር። ሁለቱ ግማሾች ዛሬም ፊት ለፊት ከሆኑ መድፈኛው ወይ አልተፈታም ወይ በትክክል ተመልሷል። ከተዛነፉ ግን እጅ ገብቶበታል። ጭረቱ ከቧንቧው ላይ ብቻ ካለና መድፈኛው ላይ ከሌለ መድፈኛው ሌላ ነው።

8ኛው በሁለቱ መካከል ገብቶ አበረደ። ሁለቱም የሚፈልጉት ማስረጃ የሚገኘው የቧንቧው ሆድ ላይ ነው፤ ለዚያም ቧንቧውን ከእንጨቱ ማንሳት ብቻ ይበቃል ብሎ አወራረዱን በቅደም ተከተል ሰጠ። በመጀመሪያ መጠቅጠቂያው ዘንግ ይወጣል። ቀጥሎ መዶሻው እስከ ግማሽ ተስቦ እዚያው ቆሞ የመጫሪያው የጎን ብሎኖች ይላላሉ፣ የብሎኖቹ ራስ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረግና መጫሪያው ሳይነቀነቅ ይወጣል። ብሎኖቹ ሙሉ በሙሉ ሳይወጡ ቧንቧው አይነካ፤ የፊተኛው ብሎን በቧንቧው ሆድ ላይ በተሞረደ ቦይ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፣ ቧንቧው በዚያ ተይዞ ሲሳብ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ የጭራው ብሎን ይፈታል። በመጨረሻ ቧንቧውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ከውፍረታቸው ባነሰ መግፊያ ይገፋሉ። ሽቦው በቀላል መታ ካልተንቀሳቀሰ በሌላው ጎን ይሞከራል፤ በጉልበት ከተመታ ሲወጣ የሜፕሉን ስንጣሪ ይዞ ይወጣል። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት እንደወጣና የትኛው ጫፉ በየትኛው ጎን እንደነበር ይጻፍ። ቧንቧው ሲነሳ እንጨቱ ተገልብጦ በሁለት እጅ ይያዝ፤ ፊተኛው እንጨት አንዳንዱ ቦታ ላይ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር አይወፍርም፣ በራሱ ክብደት ይሰበራል።

ከሆዱ ላይ የሚታየውን ደግሞ እንዲህ አስረዳ። ቀዳዳው በእሳት ተበልቶ ሲሰፋ ወይም ኋላው ሲዳከም የድሮ አንጥረኞች የቧንቧውን ኋላ ቆርጠው አዲስ ጥርስ ያወጡና ቧንቧውን በቆረጡት ልክ ወደ ኋላ ይስቡት ነበር። 20 ሚሊሜትር ከተቆረጠ ቧንቧው 20 ሚሊሜትር ይሳባል፤ ከሥሩ ያሉት የሽቦ ማሰሪያ ጉጦችም አብረው 20 ሚሊሜትር ይሄዳሉ። የእንጨቱ ቀዳዳዎች ግን ባሉበት ናቸው። ስለዚህ ወይ ጉጦቹ ተነቅለው አዲስ ቦታ ይተከላሉ፣ በሆዱም ላይ የተደፈኑ አሮጌ ቁርጦች ይቀራሉ፤ ወይ በእንጨቱ ውስጥ የጉጦቹ ጉድጓድ ወደ ኋላ ይረዝማል። የኋላው ማነጣጠሪያም ወደ ዓይን ይቀርባል፣ በላይኛው ጎን የተቀረጸው የሠሪው ስምም እንዲሁ። አፈሙዙም ከእንጨቱ ጫፍ ቆብ ጋር የነበረው ግንኙነት ይዛባል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መደበቅ ይከብዳል፤ ቧንቧ የተሳበ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በዚህ ነው።

9ኛው ስለ ጎን ብሎኖች የጻፈው አጭር ቢሆንም ትልቅ ነው። በቧንቧው ሆድና በመጠቅጠቂያው ዘንግ ጉድጓድ መካከል የሚቀረው እንጨት ኋላ አካባቢ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከ4 ሚሊሜትር የማያንስ የፊት ብሎን በዚያ ማለፍ አለበት። ስለማይበቃው ከላይ ቧንቧውን፣ ከታች የዘንጉን ጉድጓድ ትንሽ ትንሽ ይነካል። የዘንጉ ጉድጓድ ሲበሳ ፑንታው ወደ ቀኝ ካፈነገጠ ደግሞ ወደ መጫሪያው ጉድጓድ ይቀደዳል፣ ዘንጉም ከዋናው ሞላ ጋር ይፋተጋል። የኋላው ብሎን ነገር የበለጠ ይናገራል። መጫሪያው በ5 ሚሊሜትር ስለተገፋ የኋላ ብሎኑም አብሮ ወደ ፊት መጥቶ የመድፈኛውን ኋላ ታችኛ ክፍል ይነካል ብሎ ገመተ። እንዲህ ከሆነ አንጥረኛው መድፈኛው ላይ ግማሽ ክብ ቦርቡሮ ብሎኑን አሳልፎት ይገኛል። ያ ቡርቡር አንድ ከሆነና ብሎኑ ከገጠመበት መድፈኛውና መጫሪያው አብረው የኖሩ ናቸው። ሁለት ቡርቡር ከተገኘ፣ ወይም የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ በግራው የእንጨት ገጽ ላይ ካለ፣ አንዱ ተቀይሯል። ለ6ኛው መቃወሚያ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተሰጠም።

ከዚያ ክሩ ባዘነ። 10ኛው ጠመንጃው ላይ ስም እንዳለ ጠየቀ፤ የጄኮብ ዲከርት ሥራ ሊሆን እንደሚችል ተስፋ አድርጎ ነው። 11ኛው ተስፋውን አሳጠረው፤ ዲከርት በ1740 ተወልዶ በ1822 የሞተ የላንካስተር ሠሪ ነው፣ ከወርክሾፑ የወጣው ብዙ ነው፣ ቅርጹን የተከተሉትም ብዙ ናቸው፣ ያለ ፊርማ ስሙን መለጠፍ አይገባም። 12ኛው በአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቀ። 13ኛው በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ቅርስ ተብሎ እንደሚታይ፣ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን የተለየ ሊሆን እንደሚችል መለሰ። ባሩድም አነሳ፤ ለባልጩት መጫሪያ እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ያስፈልጋል፣ ፓይሮዴክስን የመሰሉት ተተኪዎች ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ በሳህኑ ብልጭታ አስተማማኝ አይደሉም። 14ኛው ሰው ጥያቄው ስለ መተኮስ አይደለም ብሎ ቆጣ አለ፤ ልክ ነበር።

15ኛው ወደ ሦስተኛው ጥርጣሬ መለሰን፤ ተቀይሮ የተመለሰ ነው ወይስ አይደለም? ከ1820ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም በሚቀጥሉት ሁለት አሥርት ዓመታት፣ ብዙ የባልጩት ጠመንጃዎች ወደ ካፕሱል ተቀይረዋል። ቀላሉ አቀያየር የእሳት ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርስ ማውጣትና ካፕሱሉ የሚጠለቅበትን ጡት የተሸከመ ክብ ጉጥ መክተት ነበር። ሳህኑ፣ ክዳኑና የክዳኑ ሞላ ይነሳሉ፣ የብሎን ቀዳዳቸውም ይደፈናል። መዶሻውም በሌላ ይተካል። ይህን ወደ ባልጩት የሚመልስ ሰው የጉጡን ሰፊ ቀዳዳ፣ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በብሎን ደፍኖ በመሃሉ አዲስ የእሳት ቀዳዳ ይበሳል። ስለዚህ የሚፈለገው በእሳት ቀዳዳው ዙሪያ ያለ ክብ ነው። ጎኑ በዘይት ይጠረግ፣ መብራት ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣበት፣ በማጉያ መነጽር ይታይ። ክቡ በፊት ለፊት ብርሃን አይታይም፤ በጎን ብርሃን ግን የብረቱ ቀለምና የዝገቱ አቅጣጫ ይለያያል። ዕድሜውን በሙሉ በባልጩት ያሳለፈ ቧንቧ ደግሞ ከሳህኑ በላይ በእሳት የተበላ ሸካራ ቦታ አለው፣ ቅርጹም ወደ ላይ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። ከአጥሩ ኋላ ያለው እንጨትም ይጠቁራል።

በ16ኛው ምላሽ ጠያቂው ተመለሰ፤ ቧንቧውን በ8ኛው መንገድ አንስቶታል። በሆዱ ላይ ያለው የመሮ ጭረት ከቧንቧ ወደ መድፈኛ ሳይዛነፍ ያልፋል። አራቱ ጉጦች በመጀመሪያ ቦታቸው ናቸው፣ የተደፈነ ቁርጥ የለም። በመድፈኛው ኋላ ላይ አንድ ግማሽ ክብ ቡርቡር አለ፤ የኋላ ብሎኑም ሳይላላ ገብቶበታል። በእሳት ቀዳዳው ዙሪያ ክብ አልታየም፣ ከላዩ ያለው የተበላ ቦታ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ግን አልተመቸውም። የክዳኑ ብረት ከሌላው ክፍል ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ሲዘጋም በግራ በኩል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል።

17ኛው ይህ እንደማያስደንቅ አስረዳ። በባልጩት መጫሪያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ክዳኑ ነው። ባልጩቱ በየተኩሱ ብረት ይፍቃል፣ ፍቂው ነው የሚነደው፤ የጠነከረው ቆዳ ሲያልቅ ብልጭታው ይደክማል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የብረት ቅጠል ይበየድለታል ወይም ጠቅላላው ይቀየራል። ክዳን መቀየር ጥገና ነው፤ ሳህኑ የመጫሪያው ላሜራ የራሱ ከሆነ፣ የክዳኑ ሞላ ብሎን ቀዳዳም ያልተደፈነ ከሆነ፣ ጠመንጃው ወደ ካፕሱል ሄዶ ነበር አያሰኝም። የመጫሪያው ጉድጓድ ውስጥም ይታይ አለ። እንጨቱ የተቦረቦረው ለዚህ መጫሪያ የውስጥ ክፍሎች ከሆነ፣ ለሞላው፣ መዶሻውን ወጥሮ ለሚይዘው ያዥ ምላስ፣ ለእያንዳንዱ ብሎን ራስ የተተወው ቦታ ይገጥማል። ለሌላ መጫሪያ የተቆፈረ ከሆነ ግን ያለ ሥራ የቀረ ጉድጓድ ወይም በስንጣሪ የተሞላ ጠርዝ ይገኛል።

ክሩ ሰላም ሊያገኝ ሲል 18ኛው ምክር ሰጠ፤ ቀዳዳው ወደ 2 ሚሊሜትር ሰፍቷልና ከውስጥ በኩል ሾጣጣ የሆነ ዘመናዊ የእሳት ቀዳዳ ብሎን ይግባለት፣ ማቀጣጠሉ ይፈጥናል። ለአዲስ ጠመንጃ ቢሆን ምክሩ ጥሩ ነው፤ ሾጣጣው ውስጥ ያለውን ባሩድ ወደ ሳህኑ ያቀርበዋል፣ እሳቱ የሚሄድበት ርቀት ያጥራል። ለዚህ ጠመንጃ ግን 19ኛው በምንም ዓይነት እንዳይነካ በጥብቅ ተናገረ፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ብሎኑ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ጥርስ ይፈልጋል። ያን ያህል ሲበሳ ጠርዙ ከመድፈኛው ፊት ጋር ይጋጫል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው ያለው። በእሳት ቀዳዳው ዙሪያ ክብ የለም የሚለው ማስረጃም በአንድ ከሰዓት ሥራ ለዘላለም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛ ሰው ጠመንጃው ከካፕሱል የተመለሰ ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? 18ኛው ተመልሶ ቅርስ ተብሎ የማይሠራ ነገር ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል አለ። 19ኛው ቀዳዳው እንኳ አዲስ ሲበሳ ከ1 ሚሊሜትር ተኩል እስከ 2 ነውና ሰፍቷል የሚያሰኝ ነገር የለም፣ ያልታመመ አይታከምም ብሎ አሳረፈው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልጻፉም።

20ኛው አስተያየቱን ከላንካስተር ውጭ አሰፋው። የላንካስተርን ልክ ይዞ ሌላውን መፍረድ አይቻልም። በዚያው በፔንሲልቬንያ ያለው የቤድፎርድ ካውንቲ ጠመንጃዎች መጫሪያቸው ረጅምና ቀጭን ነው፣ ብዙውም እዚያው የተሠራ ነው፤ የሳህኑና የአጥሩ ርቀት ከእንግሊዙ ይለያል። በደቡብ ተራሮች፣ በቴነሲ በኩል፣ ጌጡ ከናስ ይልቅ ብረት ነው፤ የመድፈኛው ጭራ አንገቱን አልፎ እስከ ሰደፉ ጀርባ የሚወጣበት አለ፣ በአንድ ብሎን ብቻም አይታሰርም። እንዲህ ያለ ጭራ ያለው መድፈኛ ያለ ጉዳት መፍታት የማይታሰብ ነው። ሞራቪያ የተባለው የክርስቲያን ማኅበረሰብ አንጥረኞች በፔንሲልቬንያ መንደራቸው በክርስቲያንስ ስፕሪንግ የሠሯቸው፣ የክርስቲያን ኦርተር ፊርማና የ1770ዎቹ ዓመት ያለባቸው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማሉ፤ ኋላቸው ወፍራም ነው፣ ገና ከጀርመን የአዳኝ ጠመንጃ ብዙ አልራቁም። በእያንዳንዱ ላይ መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ነው፤ መድፈኛው የት ያልቃል፣ ቀዳዳው የት ይከፍታል፣ ሳህኑ እዚያ ይደርሳል?

ጠያቂው አመስግኖ ለመግለጫው የሚጽፈውን ረቂቅ አሳየ፤ ቧንቧ፣ መድፈኛና መጫሪያ አብረው የተሠሩ፣ ባልጩትነቱን ያልለቀቀ፣ ክዳኑ የተተካ። 21ኛው አንድ ቃል አስጨመረው፤ ክዳኑ መቼ እንደተተካ ስለማይታወቅ በኋላ ጊዜ ይባል፣ ልኬቶቹም ከነቁጥራቸው አብረው ይግቡ። ከዚያ ስለ መልሶ መግጠሙ አሳሰበ። የፊት ብሎኑ ጥርስ ከዛሬ መለኪያ ጋር አይገጥምም፤ ያ አንጥረኛ ጥርስ ያወጣው በራሱ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች በየቀዳዳቸው ይመለሱ፤ በእጅ እስኪቆሙ ይጠምዘዙና በመፍቻ ከሩብ ዙር በላይ አይጥበቁ፤ መጫሪያው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ላሜራው እንጨቱ ላይ ይጣበቅና ያዡ ምላስ ይነክሳል፣ መዶሻውም ግማሽ ላይ አልቆም ይላል።